ሦስት ስም፣ አንድ አሻራ

ጥያቄ፦ በቢቸና የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የሚጫኑ ሦስት ፕሮግራሞችን ከደብረ ማርቆስ በፍላሽ አስቀድቼ መጣሁ፤ አንዱም አልከፈት አለኝ። የሦስቱንም ሃሽ፣ ማለትም የፋይል መለያ አሻራ፣ በኤስ.ኤች.ኤ-256 ስሌት ባወጣው ፍጹም አንድ ሆነ፤ «ኢ3ቢ0ሲ442» ብሎ ይጀምራል። ስማቸው የተለያየ ፋይሎች እንዴት አንድ ይሆናሉ? ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ የአሻራውን መነሻ እንዳነበብሁ አወቅሁት። ፋይሎችዎ ባዶ ናቸው። ሃሽ የሚሰላው ከፋይሉ ይዘት ብቻ ነው፤ ስሙም ሆነ የተቀመጠበት ቀን አይገባበትም። ስለዚህ ባዶ ፋይል የትም ቢሆን ይህንኑ ባለ 64 ፊደልና ቁጥር አሻራ ይሰጣል። መጠናቸውን ይመልከቱ፤ 0 ይላል። ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ስሙ ተመዝግቦ ይዘቱ ሊቀር ይችላል።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ስትገዛ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን አታምንም፤ እጇን እስከ ክንዷ ሰድዳ ከሥር ዘግና ታያለች። ሃሽ ከዚያም ያልፋል፤ ጆንያውን በሙሉ ፍሬ በፍሬ ያያል። ከይዘቱ ቅንጣት ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ሙሉ ፋይልም ይታወቃል። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም የታወቁ ሶፍትዌሮችን ፋይሎች አሻራ የሚሰበስብበት ትልቅ መዝገብ አለው፤ የወንጀል መርማሪዎች በተያዘ ኮምፒውተር ላይ የታወቁትን ፋይሎች ለይተው ወደ ጎን የሚያደርጉት በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎ፤ በመዝገቡ መገኘት «የታወቀ ነው» ማለት እንጂ «ደኅና ነው» ማለት አይደለም። ለእርስዎ የሚሻለው ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት በራሱ ገጽ ካወጣው አሻራ ጋር ማመሳከር ነው። ባለ 32 ፊደልና ቁጥር አሻራ የሚያወጣውን ሌላ የሃሽ ስሌት፣ ኤም.ዲ.5ን፣ አይመኑ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ ይዘቶች አንድ አሻራ ሲሰጡ ታይቷል። ባለ 40ው ኤስ.ኤች.ኤ-1ም በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ሆኗል።

ሦስቱን ሰርዘው እንደገና ያስቀዱ። ፍላሹን በሥርዓት አስወጥተው መልሰው ይሰኩትና ሃሹን ያኔ ያውጡ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሳይሆን ከራሱ ማኅደረ ትውስታ አንብቦ ሊመልስልዎ ይችላል። ይህን ሁሉ እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ የቢቸና መኪና ከመሳፈርዎ በፊት ያድርጉት።