«ወራጅ አለ» እያለ ጽሑፍ ለምን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ለስልክ የሚሆን ጌም እየሠራሁ ነው። ተጫዋቹ ሚኒባስ ይዞ ከደሴ መነኸሪያ ይነሳና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። መጀመሪያ ላይ አነዳዱን የሚያስረዳ 9 ገጽ ጽሑፍ አስገብቻለሁ። ችግሩ ማንም አያነበውም። ታናሽ እህቴ «ዝለል» የሚለውን እየነካች አልፋ ሐረጎ ላይ ገደል ገባች። እናቴ ደግሞ 2 ገጽ አንብባ «ይሄ ፈተና ነው ጨዋታ?» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ጽሑፉን ላሳጥረው ወይስ «ዝለል»ን ላንሳው?

መልስ፦ አብሽር። የሚነሳው ጽሑፉ ነው፤ «ዝለል» ምን አደረገ?

ጌም አሠራር ተምሬ አይደለም የምነግርህ። ደሴ ላይ ጌም ቤት ነበረኝ። 4 ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጩኸት። ሂሳቡ በደቂቃ ነበር። ገንዘቡ በደቂቃ የሚቆጠርበት ልጅ ጽሑፍ አያነብም። እንግሊዝኛውን ቢችልም አያነብም። ስክሪኑ ላይ ፊደል ሲያይ ቶሎ እንዲጠፋለት ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። የቱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ወረቀቱ ላይ የኳስ ውጤት ተጽፎበት አገኘሁት። ልጆቹን ያስተማራቸው ከኋላ የቆመው ወረፋ ጠባቂ ነው። «ካሬዋን! ካሬዋን ንካት እንጂ!»

አንድ ቀን ከኩታበር ለገበያ የመጣ ልጅ ገባ። ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም። በፈረንጆቹ 2004 የወጣውን ሳን አንድሪያስ የተባለ ጌም ከፈትኩለት። ጨዋታው ሲጀምር ፖሊሶች ባለታሪኩን ጠላቶቹ ሰፈር፣ አንድ ጉራንጉር ውስጥ ከመኪና ጥለውት ይሄዳሉ። አጠገቡ ብስክሌት አለች። ጥግ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል፤ ልጁ ዞርም አላለለት። ብስክሌቷን ግን አያት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሮ ወጣባት። እየተንገዳገደ፣ ግድግዳ እየገጨ የባለታሪኩ ሰፈር ደረሰ። የሚያባርረው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ጌሙን የሠሩት ሰዎች እንደገና ብስክሌት ላይ ያወጡታል፤ አሁን ግን ከኋላው ተኩስ አለ። ልብ በል፣ አዲስ ነገር አላስተማሩትም። የቻለውን ነው በጭንቅ ውስጥ ያስደገሙት። ልጁ ሲወጣ አልቦት ነበር።

(በነገራችን ላይ ያው ጌም የመንጃ ትምህርት ቤት የሚልክህ ስንት መኪና ከሰባበርክ በኋላ ነው። ልጆቹ ይስቁበት ነበር። እኔ ግን ልክ ይመስለኛል። ኩርባ ላይ መኪና እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ የሚጓጓው ደጋግሞ የተገለበጠ ሰው ነው።)

በፈረንጆቹ 1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለው ጌምም ያለ ጽሑፍ ነው የሚያስተምረው። ገና እንደጀመርክ አንድ ትንሽ ጠላት ወዳንተ ይመጣል። ዝም ብለህ ከቆምክ ትሞታለህ። ግን መንገዱ ገና መጀመሪያው ስለሆነ የሚቆጭ ነገር የለም፤ ሁለተኛ ጊዜ ትዘላለህ።

የእናትህን ነገር ሳነብ ደግሞ ጆርጅ ፋን ትዝ አለኝ፣ ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ የተባለውን፣ ተክል እየተከልክ ዞምቢ የምትመክትበትን ጌም የሠራው። በፈረንጆቹ 2012 በአንድ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እናቱን እንዴት እንዳጫወታቸው ተናግሯል። ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ከ8 ቃል በላይ አይውጣ ይላል። የሱ ጌም መጀመሪያ ላይ ሣር ያለው አንዱ መስመር ብቻ ነው፤ የሚተከለውም አንድ ዓይነት ተክል። ሌላ ቦታ ልትከል ብትልም መሬቱ አይቀበልህም።

እንግዲህ ወደ ሚኒባስህ። መነኸሪያው ውስጥ ግራና ቀኙን አውቶቡስ አቁምበት፤ የሚኬደው ወደ በሩ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ነዳጅ መስጫው ብቻ ይታይ። ከወጣ በኋላ አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይበል። ይህን ሰምቶ መቆም እንዳለበት የማያውቅ ያገራችን ልጅ አምጣልኝ! ያኔ ፍሬኑ ብልጭ ይበል። አለቀ፣ 2 ቃል። ረዳት አለህ አይደል? 9ኙን ገጽ እሱ ይናገርልህ። ተጫዋቹ ፍሬን በኃይል ሲይዝ ቀይ ጽሑፍ አታውጣ፤ ተሳፋሪው «ኧረ ቀስ!» ይበለው።

እህትህ ገደል የገባችው ስላላነበበች አይደለም። ቁልቁለት የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየችው ሐረጎ ላይ ስለሆነ ነው። እንዲያ ያለ ቦታ በፍሬን ብቻ ከወረድክ ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ እንዲይዝህ ማድረግ አለብህ። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷ ከየት ታምጣው? ስለዚህ ከሐረጎ በፊት አንድ አጭር ቁልቁለት ሥራላት። ማርሽ ካልቀነሰች የገለባ ክምር ውስጥ ትግባ። ተሳፋሪው ይሳቅባትና ከዚያው ትቀጥል። መብራት ማብራትንም መነኸሪያ ላይ አታስተምር። ጉሙ መንገዱን ሲሸፍን ረዳቱ «ኧረ መብራት!» ይላል።

ይህን ስትጨርስ ስልኩን ለእናትህ ስጥና ከኋላቸው ቁም። አፍህን ያዝ። «እዚህ ጋ ንኪው» ልትል ስትል ያቺን ቦታ ጻፋት፤ መጠገን ያለባት እሷ ናት። እኔ ጌም ቤቴ ውስጥ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው የኖርኩት።

እናትህ ኮምቦልቻ በሰላም የገቡ ለት ጻፍልኝ። ሂሳብ ሳይሰበሰብ ከደረሱ ግን ጥፋቱ የረዳቱ ነው።