የድሮ አሜሪካን መኪና በቤት ጋራዥ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

እንደተለመደው የመጣውን እመልሳለሁ። እጄ ያለው በ1965 እና በ1966 የፎርድ ሙስታንግ ላይ ነው፤ ስለሌላው የምችለውን እላለሁ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓመትና ሞተሩን ጻፉ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ሁሌም ማቆሚያ እግር ይግባለት።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ 1965 ሙስታንግ ኩፔ ገዛሁ፤ ሞተሩ 289 (ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ስምንት ሲሊንደር) ነው። በሾፌሩ በኩል ወለሉ ተበሳስቷል። አዲስ ላሜራ አዝዣለሁ፤ ብየዳውን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አትበይድ። በዚህ መኪና ወለሉን የሚበላው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከላይ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፋኖው ጀርባ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ታያቸዋለህ። ዝናቡ በእነሱ ገብቶ በሁለት ላሜራ መካከል ወዳለ ሳጥን ይወርዳል፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣል። በሳጥኑ ውስጥ አየር ወደ መኪናው የሚያስገቡ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃ እንዳይገባባቸው ዙሪያቸው በላሜራ ከፍ ተደርጓል። ቅጠልና አፈር እዚያ ሲከማች እርጥበት ይይዛል፤ ያንን ከፍታ ዝገት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ምንጣፍህ ላይ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ምንጣፉን አውጣ። አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ በጎማ ቱቦ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስበት። አንተ በጀርባህ ተኝተህ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ተመልከት። በቀኝ ከማሞቂያው ሳጥን በላይ፣ በግራ በአየር ማስገቢያው ዙሪያ። ቡናማ ጠብታ ካየህ ጉዳዩ ገብቶሃል። ውሃው በጎን ካልወጣ ደግሞ መውጫው ተደፍኗል።

ጥገናው አድካሚ ነው፤ አልዋሽህም። ኮፋኖውና ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ይወርዳሉ። የላይኛው ላሜራ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ ማስለቀቅ አለብህ። ከላይ ሲሊኮን ጠቅጥቀው የሚያልፉ አሉ፤ እሱ ጊዜ መግዣ እንጂ ጥገና አይደለም። ወለሉን አሳምረው ቀይረው፣ ላዩን ሳይነኩ፣ እንደገና የበሰበሰባቸው ስንቱን አይቻለሁ። ያዘዝከው ላሜራ ይቀመጥ፣ አያረጅም።

ከዴንቨር፦ የኔም ወለል ዝጓል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ጣሪያው የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ወለል ከመቁረጥህ በፊት የበሮቹን ክፍተት በብረት ደግፈው። አለበለዚያ አካሉ ይጎብጥና በር አይዘጋልህም።

ከሂውስተን፦ መኪናዬ አይነሳም፤ እርዱኝ።

መልስ፦ ምን መኪና? ስንት ዓመት? ሞተሪኖው ይዞራል? ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል? ቤንዚን ካርቡሬተሩ ይደርሳል? እነዚህን አይተህ ተመለስ።

ከቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ የ289 የካንዴላ ሽቦዎች ቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ እህቴ። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል 1-5-4-2-6-3-7-8 ነው። ፎርድ በቀኝ በኩል ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 4፣ በግራ ከ5 እስከ 8 ይቆጥራል። የቼቭሮሌት ልማድ ያለው መካኒክ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የሚዞረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። አንድ በአንድ እያየሽ መልሺው።

ከአትላንታ፦ ለምን ትደክማላችሁ? የድሮውን ኮንታክት (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳውን) ጣሉና ኤሌክትሮኒክ ግቡ።

ከሲያትል፦ እንዴት ይጣላል! መንገድ ላይ ቢቆም ኮንታክቱን በካቻቢቴ አስተካክለህ ትነዳለህ። ኤሌክትሮኒኩ ከተቃጠለ መኪና ጎታች ነው የምትጠራው።

ከአትላንታ፦ እኔ ስንት ዓመት ነዳሁበት፤ አንዴም አላስቸገረኝም።

ከሲያትል፦ የኔም ኮንታክት አላስቸገረኝም፤ ታዲያ ማን አሸነፈ?

መልስ፦ ይብቃ። ሁለቱም ይሠራሉ። ኮንታክት የያዘ በ289 ላይ ክፍተቱን 0.017 ኢንች ያድርግ። ኤሌክትሮኒክ የሚገጥም ደግሞ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደሚያመነጨው) የሚሄደው የፋብሪካ ሽቦ ቮልቴጁን ሆን ብሎ እንደሚቀንስ ይወቅ። ሙሉ 12 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ በዚያ ሽቦ ላይ ከተገጠመ ያስቸግራል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ብዙዎቹን ያቃጥላል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከሎስ አንጀለስ፦ ሻጩ "ኦሪጅናል ኬ ሞተር ነው" እያለ ዋጋውን ሰቅሎታል። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ኮፋኖውን ክፈት። በሾፌሩ በኩል፣ በውስጠኛው ላሜራ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብ። አምስተኛው ምልክት የሞተሩ ፊደል ነው። በ1965 "ኬ" ማለት ባለ 271 ፈረስ ጉልበቱ 289 ነው፤ "ሲ" እና "ኤ" ተራዎቹ 289፣ "ቲ" ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 200። በሩ ላይ ያለው ታርጋ ይቀየራል፤ እሱን ብቻ አትመን። ዋጋ ግን አልገምትም።

ከሚኒሶታ፦ 1966 ነው፣ ባለ ስድስት። ፍሬኑ ይሠራል፤ እንዲሁ ልንዳው?

መልስ፦ አይሆንም። እስከ 1966 ድረስ የሙስታንግ ዋናው የፍሬን ፓምፕ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ሁለት ክፍል ያለው የመጣው በ1967 ነው፤ ያንን ዓይነት ግጠምና የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር። ከሁሉም በፊት ይሄ ይቅደም፤ ከቀለምም፣ ከሞተርም። ታምቡሩን ስትከፍት አቧራውን በአየር አትንፋ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ማቆሚያ እግሩንም አትርሳ።

ከቺካጎ፦ የነዳጅ ታንኬ ያንጠባጥባል። ቤት ውስጥ ልበይደው?

መልስ፦ በፍጹም! ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው የቤንዚን ትነት ነው የሚፈነዳው። ለሙስታንግ አዲስ ታንክ ይሸጣል፤ ግዛ።

ከዳላስ፦ የድሮ ሞተር ላይ የዛሬ ዘይት ችግር አለው?

መልስ፦ የእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ታፔቱን (በዘንጉና በቫልቩ መካከል ያለውን ገፊ) እየፋቀ ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ዚንክና ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። በዛሬ ዘይቶች ላይ ይሄ ቀንሷል። ለድሮ ሞተር ተብሎ የተሠራውን ፈልግ። በተለይ አዲስ ካምሻፍት ከገጠምክ መጀመሪያ ስታስነሳው ዝቅ ባለ ዙር አትተወው፤ 2000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ይሥራ።

የቀሩትን በሚቀጥለው ቅዳሜ። ዓመቱንና ሞተሩን ያልጻፈ ጥያቄ አልመልስም።