የካሶኒ ክዳን፦ ውሃው የሚገባው በየት ነው?

ጥያቄ፦ ደብል ጋቢና ፒካፕ አለኝ። በአብዛኛው የምጭነው የሥራ ዕቃ ነው፤ ትራፓኖ፣ ብየዳ ማሽን፣ ኬብል። አልፎ አልፎ ፍሪጅ ወይም ቁም ሣጥንም እጭናለሁ። ካሶኒው፣ ማለትም የኋላ መጫኛው፣ የሸራ ክዳን አለው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ዕቃዬ ይርሳል። ሸራውን አውልቄ አንድ ወጥ የፋይበር ግላስ ክዳን ላስገጥም አስቤያለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ፋይበር ግላሱን ለጊዜው ይተዉትና ጥፋቱ በእርግጥ የሸራው መሆኑን ያጣሩ። ሸራ ካልተቀደደ ወይም ስፌቱ ካልተፈታ በመሐሉ ውሃ አያስገባም። ብዙ ጊዜ ውሃው የሚገባው ከጋቢናው ጀርባ ባሉት ሁለት ማዕዘኖችና በኋላ ስፖንዳው፣ ማለትም በሚከፈተው የኋላ በር ዙሪያ ነው። ካሶኒ ሲሠራ ክፍት ሆኖ ውሃ እንዲያፈስ ታስቦ ነውና የኋላ ስፖንዳው ጎንና ሥሩ ክፍተት አለው። ክዳኑ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ያንን ክፍተት አይደፍንም።

ካርቶን ካሶኒው ወለል ላይ አንጥፈው ክዳኑን ይዝጉ። መጀመሪያ የኋላ ስፖንዳው ላይ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያህል በቱቦ ውሃ ያፍስሱና ከፍተው ይዩ። ቀጥሎ የፊት ማዕዘኖቹን። ካርቶኑ የረጠበበት ቦታ መልሱን ይነግርዎታል። ከኋላ ከሆነ የስፖንዳ ጎማ ገዝቶ ዙሪያውን መለጠፍ ነው፤ ቅባትና አቧራው በደንብ ካልተጠረገ ግን ጎማው በሳምንቱ ይላቀቃል።

አንድ ደንበኛዬ ሦስተኛ ክዳን ሊያስገጥም መጣ። ጠጋ ብዬ ሳየው ካሶኒው ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ልባስ ጠርዙ ታጥፎ ላሜራው ላይ ወጥቷል። የክዳኑ ሐዲድ የተቀመጠው በላሜራው ላይ ሳይሆን በዚያ ሸካራ ፕላስቲክ ላይ ነበር፤ ውሃው በሸንተረሩ እየተንሸራተተ ይገባል። ሐዲዱን ጨብጠው የሚይዙት ሞርሳዎች የሚያርፉበትን ቦታ ከፕላስቲኩ ቆርጠን ሐዲዱን ላሜራው ላይ አሳረፍነው። ክዳን አልሸጥኩለትም። የእርስዎም እንዲህ መሆን አለመሆኑን በጣትዎ ዳብሰው ይዩ።

ይህን ሁሉ አይተው መቀየር ከፈለጉ ለእርስዎ የምመርጠው ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ክዳን ነው። አንድ ወጡ ፋይበር ግላስ መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ፍሪጅ የመጣ ቀን ቡሎኑን ፈትቶ ክዳኑን በሁለት ሰው ማውረድ፣ ከዚያም ማስቀመጫ መፈለግ አለ። እየተጠቀለለ የራሱ ሣጥን ውስጥ የሚገባው የክዳን ዓይነት ለአያያዝ ቀላል ነው፤ ሣጥኑ ግን ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ቦታ ይሻማል፣ የውሃ መውረጃውም በአቧራ ይደፈናል። ብየዳ ማሽን ለሚያሳድር ሰው ሸራን አልመክርም፤ አንድ ቢላ ይበቃዋል። ታጣፊው ግን እስከ ጋቢናው ይታጠፍና ረጅም ዕቃ ቆሞ ይገባል። ሲገዙ ታጥፎ ሲቆም የኋላ መስታወቱንና የላይኛውን የፍሬን መብራት መሸፈን አለመሸፈኑን፣ ታጥፎም መንዳት የሚፈቅድ መሆኑን ይጠይቁ። በየመታጠፊያው ያለውን ጎማም ይዩት፤ ቶሎ የሚያረጀው እሱ ነው።

መኪናዬ ይህ ሞዴል ነው ብለው ብቻ አይዘዙ። አንድ ሞዴል በተለያየ የካሶኒ ርዝመት ይመጣል። ስፖንዳውን ዘግተው ከፊተኛው ግድግዳ እስከ ስፖንዳው፣ በውስጥ በኩል ከላይ ጠርዝ ይለኩ። ካሶኒው ላይ ከጋቢናው ጀርባ የሚቆም የጌጥ ቱቦ ካለው የቱቦው እግር የቆመው ሐዲዱ በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ክዳን አይቀበለውም፤ ከቱቦውና ከክዳኑ የትኛውን እንደሚተዉ አስቀድመው ይወስኑ።

ገጠማው ላይ የሞርሳዎቹን ዳዶ መጀመሪያ በልክ ብቻ ያጥብቁ። በግራና በቀኝ ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ለክተው፣ ስፖንዳው ሳይነካው መከፈቱን አይተው ከዚያ ይጨርሱት። አለመጠን ከጠበቀ አሉሚኒየሙ ይጎብጣል። ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ እንደገና ይፈትሹት፤ መላላቱ አይቀርም። ላሜራ መብሳት ግድ ከሆነ የተበሳውን ጠርዝ ቀለም ሳይቀቡ ቡሎን አያስገቡ፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ቁልፍም ከሆነ የፈለጉት፣ የኋላ ስፖንዳው የማይቆለፍ ከሆነ የክዳኑ ቁልፍ ምንም አይጠብቅልዎትም።

ጠብታ አያስገባም ብሎ የሚሸጥልዎትን ግን አይመኑ። ብየዳ ማሽኑን ሁልጊዜ ጣውላ ላይ ከፍ አድርገው፣ ከማዕዘኖቹና ከኋላ ስፖንዳው አርቀው ያስቀምጡት።