ቱቦው አልተዘጋም፤ ሙቀቱ በጠርዝ እየወጣ ነው

ጥያቄው ከጉጉፍቱ ነው። ወንድማችን የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ሠርቷል፤ ወለሉ ውስጥ ቱቦ ቀብሮ በሙቅ ውሃ ያሞቀዋል። መሃሉ ይሞቃል፣ ግድግዳው ሥር ግን ዙሪያውን ይቀዘቅዛል። ወለሉ እስኪሞቅ ጠዋት ጠዋት ከሰል ያያይዛል።

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ከሰል አውጣው። ነፋስ እንዳይገባው በደፈንከው ቤት ውስጥ ከሰል ይገድላል። ፍም ከሆነ አይጎዳም የሚሉህን አትስማ፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም።

ቱቦው ቢዘጋ ወይም አየር ቢይዝ አንዱ መስመር ብቻ ነበር የሚቀዘቅዘው። ፎቶህ ላይ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ግድግዳህን ተከትሎ አንድ ክንድ የሚሆን አፈር ጠቁሮ ይታያል። ውርጩን ያቀለጠው የወለልህ ሙቀት ነው።

ሙቀት ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል ይባላል። ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀ አየር ነው። ጠጣር ነገር ውስጥ ግን ሙቀት ላይ ታች አይመርጥም፤ ቅዝቃዜ ወዳለበት ይሄዳል። ኮንክሪት ደግሞ በደንብ ያሳልፈዋል፤ 5 ሳንቲም ፎም (የፍራሹ ሳይሆን ለግንባታ የሚሸጠው ጠንካራ ሰሌዳ) የሚከላከለውን በኮንክሪት ልከላከል ብትል 2 ሜትር ያህል ውፍረት ይጠይቅሃል። ከወለሉ በታች ያለው አፈር ቀስ በቀስ እየሞቀ ስለሚሄድ የሚስበው ሙቀት ይቀንሳል። ጠርዙ ግን የመሠረቱን ድንጋይ ነክቶ፣ ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ ከውጭው ብርድ ጋር ነው።

በፊት የሠራልህ ሰው የጠርዙን ስንጥቅ በሲልከን ደፍኖ ከላይ ሲሚንቶ ደርቦበታል። ቱቦውን ከእግርህ ከማራቅ በቀር ምንም አልፈየደም! ጠርዙ ላይ የጠቀጠቀው ፎምም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነው፤ ይረግፋል፣ እርጥበት ይጠጣል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስትገዛ በጥፍርህ ጫነው፤ እንክብሉ ከተለያየ ተወው።

ከውጭ 60 ሳንቲም ቆፍር። ከመሠረቱ በታች እንዳትወርድ፤ በአንዴ ከ2 ሜትር ርዝመት በላይም አትክፈት። ድንጋዩን አጽድተህ ለስነው፣ ሬንጅ ቀባው። ሬንጁ በደንብ ይድረቅ፤ በቤንዚን የቀጠነ ሬንጅ ፎም ይበላል። ከዚያ ጠንካራውን ባለ 5 ሳንቲም ፎም ከወለሉ ከፍታ ጀምረህ እስከ ታች ለጥፍ። ከመሬት በላይ የቀረውን በሽቦ ወንፊት ልሰነው፤ አለዚያ ፀሐይና አይጥ ይጨርሱታል። አፈሩን ስትመልስ ውሃው ከግድግዳው እንዲሸሽ ተዳፋት አድርገው።

ውሃውን 35 ዲግሪ አካባቢ አድርገህ ሌሊትም አታጥፋው፤ ኮንክሪት ለመሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። እስከዚያው ቢበርድህ ጋቢ ደርብ፣ ከሰል ግን አታስገባ። ከሰሉ ባለበት ራስህን ካመመህ ወይም ካዞረህ ወዲያው ውጣ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጠርዙ ከተሸፈነ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ከቀዘቀዘ ያኔ አየር ይዟል ማለት ነው፤ ሌሎቹን መስመሮች ዘግተህ በዚያ በአንዱ ብቻ ውሃ እየለቀቅህ አስወጣው።