የድመት ፀጉር ከጋቢና ከሶፋ ላይ

ጥያቄ፦ ደሴ ብርድ ነውና ድመታችን ከሶፋና ከጋቢ ላይ አትወርድም። ጋቢውን ደጋግሜ ባጥበውም ፀጉሩ አልለቅ አለኝ። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጋቢው ያስቸገረሽ ፀጉሩ ሳይራገፍ ውኃ ስለነካው ነው። ጥጥ ሲረጥብ ያብጣል፤ በእጅ ሲታሽ ደግሞ ፀጉሩ በድሩና በማጉ መካከል ይጠላለፋል። ስለዚህ በደረቁ፣ ለሁለት ይዛችሁ ደጅ አራግፉት። የቀረውን ጋቢውን ወጠር አድርገሽ በጎማ ጓንት ጥረጊው። ከዚያ እጠቢው፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደገና አራግፊው።

ለሶፋው የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ጥሩ ይሠራል። ጓንቱን ውኃ ነክረሽ በደንብ አራግፊው፤ እርጥበት ብቻ ይቅርበት። ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጎትቺ። ጎማው ጨርቁን ሲይዝ ፀጉሩ እየተጠቀለለ ይመጣል፣ በእጅ ይነሳል። ወዲያና ወዲህ ካሸሽው ግን ተመልሶ ይገባል። በየ3 ወይም 4 ጉተታው ጓንቱን እጠቢ። የሶፋው ጨርቅ ከፋይ (ቬልቬት) ከሆነ ጨርቁ ራሱ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ጥረጊ። ፕላስተር ለስፌት ጥግ ይበቃል፤ ሙጫው ጨርቁ ላይ ከቀረ አቧራ ይሰበስባል።

የሱፍ ባና ካለሽ በሙቅ ውኃ አትሺው፣ ይኮማተራል። ድመቷንም በሳምንት 2 ጊዜ ደጅ አበጥሪያት።