ለአየር ጉዞ ስትዘጋጁ መጀመሪያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ

ሰሞኑን ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከዙሪያቸው የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ አውሮፕላን ጉዞ ናቸው። የአንገት ትራስ ግዙ፣ የዓይን መሸፈኛ ያዙ የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። የእኛን አካባቢ መንገደኛ የሚያንገላታው ግን ትራስ ማጣት ሳይሆን የሰዓት አቆጣጠር፣ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ሻንጣ ውስጥ የሚታጨቀው ስንቅ ነው ባይ ነኝ።

«ቲኬቴ ላይ ማክሰኞ 00:30 ይላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ ተነስቼ ማታ ቦሌ ብገኝ ይበቃኛል?» (ከከዚራ)

አይበቃዎትም፤ ያኔ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሏል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ቲኬቱ ግን ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ «ማክሰኞ 00:30» ማለት በእኛ አነጋገር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ30 ነው። ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚመከር፣ ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ሰልፍ ውስጥ መሆን አለብዎት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ ደግሞ 6 ይደምሩ። ቀኑም የፈረንጆቹ መሆኑን አይርሱ። ሁለቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው በትልልቁ ይጻፉና ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት። ለቤተሰብም ለባለ ባጃጁም የሚያሳዩት ያንን ወረቀት ይሁን።

ሌላም ነገር አለ። ከድሬዳዋ ቦሌና ከቦሌ ውጭ አገር ያሉትን በረራዎች በአንድ ቲኬት ማስቆረጥ ይሻላል። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን የማስተካከሉ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ገዝተው ከሆነ ግን የማንም አይደለም፤ የእርስዎ ነው። እንደዚያ ከሆነ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይደሩ።

«ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ደንገጎ ላይ ጆሮዬ ይደፈናል። አሁን ጂዳ ልሄድ ነው፤ አውሮፕላን ላይማ ምን ሊያደርገኝ ነው?» (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

ያው ነው የሚያደርግዎት፤ ትንሽ በርትቶ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ግን ጆሮን ከጉሮሮ ጋር በምታገናኘው ቀጭን ቱቦ በኩል ቶሎ አይተካም። ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ይደፈናል፤ ያማል።

ብዙ ሰው የሚፈራው መነሳቱን ነው። ለእኛ ግን ከቦሌ መነሳት ያን ያህል አያስቸግርም። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ማለትም አውሮፕላኑ ደመናውን ሰንጥቆ ሲወጣ የእርስዎ ጆሮ አዲስ አበባ የተቀመጠ ያህል ነው። ፈተናው ጂዳ ሲያርፉ ነው፤ ቀይ ባሕር ዳር እስኪደርሱ ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ያለውን ቁልቁለት ከሦስት እጥፍ በላይ በአንድ ጊዜ ይወርዱታል።

መፍትሔው አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንቅልፍን መተው ነው፤ የተኛ ሰው ምራቁን ብዙም አይውጥም። ማስቲካ ያኝኩ፣ ከረሜላ ይምጠጡ፣ ደጋግመው ይዋጡ። ካልተከፈተልዎ አፍንጫዎን በጣት ይዘው አፍዎን ዘግተው በቀስታ ይንፉ፤ በኃይል ግን አይሆንም። ሕፃን የያዘች እናት በዚያ ሰዓት ጡት ትስጠው። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለብዎ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ የተደፈነ አፍንጫ ይዞ መውረድ ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

በረራዎ የማለዳ ከሆነ ደግሞ ዋዜማውን ድሬዳዋ ይደሩ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን መንገድ በጨለማ እየተቻኮሉና እያጥወለወለዎት መውረድ ለጉዞ ጥሩ ጅማሮ አይደለም።

«ለንደን ያለው ወንድሜ ትንሽ ጫት ይዘህልኝ ና ይለኛል። የአወዳይ ልጅ ሆኜ እንዴት እንቢ እላለሁ?»

እንቢ ይበሉ። ብሪታንያ ጫትን ከ2014 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ከልክላለች። አሜሪካም፣ ሳዑዲ ዓረቢያም፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችም አይፈቅዱም። እዚህ በየደጁ ጀበና አጠገብ የሚቀመጠው እዚያ አደንዛዥ ዕፅ ተብሎ ያሳስራል። «ትንሽ ነው»፣ «ደርቋል»፣ «ለራሴ ነው» የሚለው ሰበብ ጉምሩክ ላይ አይሠራም። ወንድምዎ ቢቀየም ይቀየም፤ ቡና ይውሰዱለት። የሰው ሻንጣ ወይም ያልፈተሹት እሽግ «አድርስልኝ» ቢባሉም መልሱ ይኸው ነው፤ የጠየቀዎት የአክስት ልጅ ቢሆንም።

«ጀርመን ላለችው ልጄ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅቻለሁ። ያሳልፉኛል?» (ከሳቢያን)

እሜቴ፣ በርበሬው ይሂድ። ሁለት ጊዜ ታሽጎ ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን እንጂ በእጅ አይያዙት፤ ዱቄት ፍተሻ ላይ ያስቆማል። ቅቤውና ቋንጣው ግን ይቅርብዎ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅዱም። የደከሙበት ቋንጣ ሲጣል ከማየት እዚሁ ለጎረቤት መስጠት ይሻላል።

«እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ እግሯም ያብጣል። ረጅም በረራ ትችለዋለች?» (ከሐረር፣ አራተኛ)

ይህን የሚወስነው ሐኪሟ ነው፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ደብዳቤም ያስጽፉላት። ኢንሱሊኑን በፍጹም ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት፤ እዚያ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል፣ ሻንጣውም ሊዘገይ ይችላል። በእጅ ሻንጣዋ ከጥቂት ብስኩት ጋር ይሁን። ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር የተወሰነ ቢሆንም በሐኪም ለታዘዘ መድኃኒት ልዩ ፈቃድ አለ፤ ፍተሻ ላይ ቀድመው ያሳውቁ።

ለእግሯ የመተላለፊያ ወንበር ይያዙላት። በየጊዜው ተነስታ ትራመድ፤ ስትቀመጥም ቁርጭምጭሚቷን ታሽከርክር። ከ4 ሰዓት በላይ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። መጸዳጃ ቤት ላለመነሳት ውሃ የሚቀንሱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን ይቆጣጠሩ። ተሽከርካሪ ወንበር ካስፈለጋት ቲኬቱ ሲቆረጥ ይጠይቁ እንጂ በዕለቱ አይሁን።

«መናጡን እፈራለሁ። የት ልቀመጥ?»

ክንፉ አጠገብ። ጅራቱ ጋ ይበልጥ ይንጣል። ከተቻለዎ የጠዋት በረራ ይምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ የጋለው መሬት አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በክረምትም ነጎድጓዳማ ደመና የሚከማቸው በአብዛኛው ያኔ ነው። እስከተቀመጡ ድረስ ግን ቀበቶዎን የቀበቶው ምልክት መብራት ቢጠፋም አይፍቱ።

«ፓወር ባንኬን ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?»

አይክተቱት፤ በእጅ ይያዙት። ባትሪው ቢቀጣጠል ሰው ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሆን አለበት። በተለምዶ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ይፈቀዳል። አቅሙን የሚገልጸው ጽሑፍ የተፋቀ ከሆነ ግን ሊወስዱብዎ ይችላሉ። በዚያው እጅዎ ሹራብም ይያዙ፤ ከድሬዳዋ በስስ ሸሚዝ የተነሳ ሰው በክረምት ምሽት ቦሌ ላይ ይንቀጠቀጣል።