ብርሃን ሲሄድ ብቻ መለካት ይቻላል? እኔ ሞክሬው ነበር

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «የብርሃን ፍጥነት የሚለካው በደርሶ መልስ ብቻ ነው ይባላል። ሁለት ሰዓት ወዲህና ወዲያ አስቀምጦ መሄጃውን ብቻ መለካት ምን ያቅታል?» ተማሪ ሳለሁ እኔም ድርቅ ብዬ «ይቻላል» ስል ነበር። ክርክር ብቻ አይደለም፣ ሞከርኩት።

አንድ ሌዘር፣ ሁለት የብርሃን መቀበያና አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክት መቼ እንደደረሰ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ነበረኝ። አንዱን መቀበያ ሌዘሩ አጠገብ፣ ሌላውን ኮሪደሩ ጫፍ 15 ሜትር ርቀት ላይ አደረግኩ። መስታወት የለም። ብርሃኑ ሄዶ እዚያው ይቀራል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 125 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ልዩነት አየሁ። ከዚህ ላይ የኬብሉን መዘግየት፣ 75 ናኖ ሰከንድ፣ ቀነስኩ። 50 ቀረ። 15 ሜትር በ50 ናኖ ሰከንድ ማለት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሪፖርቱን ያየው አስተማሪ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የሩቁ መቀበያ ምልክት ወደ ኦሲሎስኮፑ በምን መጣ?»

በኬብል ነዋ! ያውም 15 ሜትር ወደ ኋላ። በኬብል ውስጥ የሚሄደው ምልክት ደግሞ ራሱ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው። በአየር የላክሁትን በሽቦ መልሼዋለሁ። የባሰው ነገር 75ን ያገኘሁበት መንገድ ነው። ምልክት ልኬ ከኬብሉ ጫፍ ነጥሮ እስኪመለስ 150 ናኖ ሰከንድ ፈጀ፤ ለሁለት አካፈልኩት። ለሁለት ሳካፍል «መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው» ብያለሁ። ላረጋግጠው የተነሣሁትን ነገር ገና ሳልጀምር ቆጥሬበታለሁ።

እሺ፣ ኬብሉ ይቅርና ሁለት ሰዓት ይሁን። ሰዓቶቹን በምን ታናብቧቸዋላችሁ? በምልክት ከሆነ የምልክቱን የመሄጃ ፍጥነት ማወቅ አለባችሁ። አንድ ላይ አናብቦ አንዱን ቀስ አድርጎ መውሰድስ? ይሄኛው በጣም አስለፍቶኛል። በአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የሚንቀሳቀስ ሰዓት ይዘገያል። ቀስ ካለ መዘግየቱ ኢምንት ነው የምንለው ግን ብርሃን በየአቅጣጫው እኩል ይሮጣል ብለን ስለተነሣን ነው። በአንድ በኩል ይፈጥናል ካልን የተጓዡ ሰዓት መዛነፍም በአቅጣጫው ይለያያል። ሒሳቡን ስትሠሩት የብርሃኑ የፍጥነት ልዩነትና የሰዓቱ መዛነፍ ልክ በልክ ይጣፋሉ። ሁለቱንም ሰዓቶች ከመሃል ወደ ሁለት ጎን መውሰድም አያድንም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዴንማርካዊውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ሮመርን ያነሣል። በፈረንጆቹ 1676 የጁፒተር ጨረቃ የአዮ ግርዶሽ መሬት ስትርቅ እንደሚዘገይ አሳይቷል። መስታወት የለበትም፣ እውነት ነው። ግን ሰዓቱን ተሸክማ በምሕዋሯ የምትዞረው መሬት ናት። ያው ሰዓት ማጓጓዝ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፊዞ በ1849 ብርሃንን የለካበት ባለ ጥርስ ጎማ ደግሞ መስታወቱ 8 ኪሎ ሜትር ከምናምን ርቆ የቆመ ግልጽ ደርሶ መልስ ነው።

ነገሩ የገባኝ ግን ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ የሰርቨር ሰዓት ሳናብብ ነው። ፕሮግራሙ ጥያቄ ይልካል፣ መልስ ይቀበላል፣ ደርሶ መልሱን ለሁለት ይከፍላል። የእኛ መስመር ሲሄድ 5፣ ሲመለስ 25 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ድምሩ 30 ነው፤ ፕሮግራሙ 15 በ15 አደረገው። ሰዓታችን በ10 ሚሊ ሰከንድ ተዛንፎ ሳለ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ስህተቱ የታየው የጂፒኤስ መቀበያ ስንሰካ ነው። ከመስመሩ ውጪ ዳኛ ስላገኘን ማለት ነው።

ለብርሃን እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። የጂፒኤስ ሰዓቶች ራሳቸው የተናበቡት ብርሃን በየአቅጣጫው እኩል ነው ተብሎ ነው። አንስታይን በ1905 ይህን አልደበቀም፤ የመሄጃና የመመለሻው ጊዜ እኩል ነው ብሎ በፍቺ ደነገገው፣ ለካሁት አላለም። ብርሃን ሲሄድ በቅጽበት ደርሶ ሲመለስ በግማሽ ፍጥነት ይመጣል ብትሉ እንኳ የደርሶ መልሱ አማካይ ያው በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። ስለዚህ የእኔ መልስ «አይቻልም» ነው። የመሣሪያ ጥራት ጉዳይም አይደለም፤ ሩቅ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደምንሞላው መጀመሪያ ካልተስማማን «የመሄጃ ፍጥነት» የሚባል ቁጥር ራሱ የለም።

ሪፖርቴን ርዕሱን አስተካክዬ፣ «እኩል ነው ብለን ከተነሣን» የሚል አንድ መስመር ጨምሬ መልሼ አስገባሁ። ከቁጥሮቹ አንዱም አልተነካም።